ኢንሹራንስ የሌለው ሲገጨን ዕዳው የማን ነው? (የቡድን ክርክር)

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት ጥያቄ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ለምንነዳ ሁሉ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 2021 መጨረሻ በሕግ የሚጠየቀው ዝቅተኛው የአካል ጉዳት ሽፋን ለአንድ ሰው 25,000፣ ለአንድ አደጋ 50,000 ዶላር ነበር። በ2022 ወደ 30,000 እና 60,000 አደገ፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ 50,000 እና 100,000 ሆኗል። 500 ዶላር ለመንግሥት ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት የሚፈቅደው የቆየ አሠራርም በጁላይ 2024 ተሽሯል። የግዴታው መጥበቅ ተገቢ ነው? ሌላው ኢንሹራንስ ባለመያዙ ወይም ትንሽ በመያዙ እኛ ተጨማሪ ሽፋን መግዛታችንስ ፍትሕ ነው? የኩባንያ ስም አይጠራ፤ ስድብም ክልክል ነው።

ሌሊት ነጂ፦
ፍትሕ አይደለም። አጥፊው ሌላ፣ ከፋዩ እኔ። በ2019 አገር አቀፍ ግምት መሠረት በአሜሪካ ከስምንት አሽከርካሪ አንዱ ያህል ያለ ኢንሹራንስ ይነዳ ነበር። መንግሥት እነዚህን ሰዎች ከመንገድ ማውጣት ሲያቅተው የእኔን ወርሃዊ ክፍያ ያስጨምራል። ለመሆኑ የ30,000ውን ሽፋን መክፈል ያቃተው ሰው የ50,000ውን ሊከፍል ነው? ጭራሹን ይተወዋል። ሕጉ መድን የለሾችን ሊቀንስ ወጥቶ ሊያበዛቸው ነው።

የአጥንት ክፍል ነርስ፦
ወንድሜ፣ ምሬትህ ይገባኛል። ግን 50,000 ዶላር በዚህ አገር ሆስፒታል ምን ያህል እንደሆነ እኛ ዘንድ መጥተህ እይ። ጭኑ የተሰበረ ሰው ድንገተኛ ክፍል ይገባል፣ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፣ ብረት ይገባለታል፣ ከዚያ ለወራት የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ይመላለሳል። ሽፋኑ ገና ሕክምናው ሳያልቅ ያልቃል። ያ ሰው ደግሞ በነዚያ ወራት አይሠራም። የጤና መድን ቢኖረው እንኳ የቀረበትን ደመወዝ አይከፍልለትም። ለእኔ አዲሱ ወለል ራሱ ዝቅ ያለ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
ክርክሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቋል። ግዴታ ሆኖ ያደገው የተጠያቂነት ሽፋን የምትገጨውን ሰው ይጠብቃል። ራስህን የሚጠብቀው ሌላው ክፍል ነው፤ በውላችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዩኤም እና ዩአይኤም ተብሎ የተጻፈው። ዩኤም የሚሠራው ገጪው ምንም ኢንሹራንስ ከሌለው ወይም ገጭቶ ካመለጠ ነው፤ ዩአይኤም ደግሞ ኢንሹራንስ ኖሮት ለጉዳቱ ካልበቃ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በቀድሞው አሠራር የገጪው ሽፋን ከእናንተ ዩአይኤም ላይ ይቀነስ ነበር። እሱ 30,000፣ እናንተም 30,000 ካላችሁ ከራሳችሁ ኩባንያ የምታገኙት ዜሮ ነው። ልብ በሉ፦ ዝቅተኛውን የያዘ ሰው፣ ዝቅተኛውን በያዘ ሰው ሲገጭ፣ ዓመታት የከፈለበት የዩአይኤም ሽፋን በወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ከጁላይ 2023 ወዲህ በተገዙ ወይም በታደሱ ውሎች ግን መደበኛው አካሄድ መደመር ነው። የገጪው 50,000፣ የእናንተ 100,000 ከሆነ እስከ 150,000 ድረስ ለጉዳታችሁ ልክ መጠየቅ ይቻላል። ኩባንያው ወደ ድሮው ቅነሳ የሚመለሰው እናንተ ራሳችሁ ከመረጣችሁ ነው። «ክፍያዎ እንዲቀንስ እዚህ ይፈርሙ» የሚባለው ወረቀት አንዳንዴ ይኸው ነው። እኔ ማንም ወዳጄ እንዲፈርመው አልመክርም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ «ፉል ከቨር» ስለያዝኩ ሁሉም ነገር የተሸፈነ ይመስለኛል። እንደዚያ አይደለም ማለት ነው?

ሒሳብ ያዥ፦
አይደለም፣ እህቴ። ያ አጠራር አብዛኛውን ጊዜ የራስሽ መኪና ቢጎዳ ይጠገናል ማለት ነው፤ ስለ ሰውነትሽ ብዙም አይናገርም። መኪናው 40,000 ዶላር ሆኖ የሰው ሽፋናቸው በዝቅተኛው የቆመ ስንት ቤተሰብ አይቻለሁ! ሌላው የሚረሳው ነገር፣ ይህ ሽፋን ከመኪናው ጋር ብቻ የታሰረ አለመሆኑ ነው። አንቺንና አብረውሽ የሚኖሩ ልጆችሽን በእግር ስትሄዱም ይከተላችኋል። ልጅሽ መንገድ ስታቋርጥ መድን የለሽ መኪና ቢገጫት የአንቺ ዩኤም ይሠራል።

ሌሊት ነጂ፦
ሒሳብ ያዥ የኩባንያውን ብሮሹር አነበበልን። ያልተነገረውን እኔ ልናገር። መድን የለሽ ሲገጭህ የራስህ ኩባንያ ተከራካሪህ ይሆናል፤ ለዓመታት የከፈልከው ድርጅት ጠበቃ ቀጥሮ ጉዳትህን ለማሳነስ ፍርድ ቤት ይቆማል። በዚያ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ በመቶ እንኳ ጥፋት ከተገኘብህ ካሳህ በሙሉ ይቀራል። ሜሪላንድም እንደዚሁ ነው። ገጪው ቀይ መብራት ቢጥስም «አንተም በሰዓቱ ፍሬን አልያዝክም» ብለው ካሳመኑ ባዶ እጅህን ትወጣለህ። ዩኤምም የሚከፍለው ከገጪው በሕግ ካሳ የማግኘት መብት ሲኖርህ ብቻ ነውና በዚያው ይዘጋል። ለዚህ ነው ተጨማሪ እንድገዛ የምትመክሩኝ?

ነርስ፦
የጥፋቱ ደንብ ጨካኝ መሆኑ ላይ ተስማምተናል። እሱ ይቀየር ብለህ ብትከራከር አብሬህ እፈርማለሁ። ግን ደንቡ ክፉ ስለሆነ ሽፋኑን ልቀንስ ማለት ከማን ጋር መጣላት ነው?

ከአዲስ አበባ፦
ከሩቅ አንድ ነገር ላክል። የእኛው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መድን በሌለው ወይም ገጭቶ በተሰወረ መኪና ለተጎዳ ሰው የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ተጎጂው መኪናም የራሱ ውልም ሊኖረው አይጠበቅም። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ አዋጁ ሲወጣ የሞት ካሳ ጣሪያው 40,000 ብር ነበር፣ የዛሬውን ኑሮ ታውቁታላችሁ። ሐሳቡ ግን ከእናንተው የተሻለ ይመስለኛል። እናንተ ጋ መኪና የሌለው፣ መኪና ካለው ዘመድ ጋርም የማይኖር እግረኛ ምን ይሆናል?

ሒሳብ ያዥ፦
ጥሩ ነካኸን። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከገጪው በቀር የሚጠይቀው የለም፤ ገጪው ደግሞ የሚከፍለው የለውም። እዚህም ፈንድ የሚባል ነበር። ሰዎች የሚከፍሉት 500 ዶላር ይገባበት የነበረው ማለት ነው። የሚከፋፈለው ግን ለተጎጂዎች ሳይሆን ለኩባንያዎች ነበር፤ የዩኤምን ዋጋ ለማቅለል ተብሎ።

እናት፦
እኔስ ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሌሊት ነጂ፣ አንተ ሰው ጭነህ ነው የምትሠራው። የግል ኢንሹራንስህ በሥራ ላይ እያለህ ይሠራል?

ሌሊት ነጂ፦
አብዛኞቹ የግል ውሎች ለክፍያ ሰው ስትጭን አይሸፍኑም። ተሳፋሪ ከያዝኩ በሕግ አንድ ሚሊዮን ዶላር የተጠያቂነት ሽፋን አለ። ከተሳፋሪ የሚያገናኘኝን የስልክ አፕ ከፍቼ ጥሪ ስጠብቅ ግን የሚጠየቀው ትንሽ ነው። ሌሊቱ ደግሞ በአብዛኛው ጥሪ መጠበቅ ነው። አያችሁ፣ በጣም የምጋለጠው ሰው በጣም የሳሳ ሽፋን ነው ያለኝ። የአዲስ አበባው ወንድሜ እንዳለው ለተጎጂው በቀጥታ የሚከፍል ፈንድ ይቋቋም፤ ከእኔም ይቆረጥ። የክፍያ ቅነሳውን ወረቀት አልፈርምም። ወለሉን ከፍ አድርገው ሥራችንን ጨረስን ሲሉ ግን አላጨበጭብም።