ክርክር፦ የዘር ምርምር ከጎረቤት ጋር ወይስ ለብቻ?

አወያይ፦ በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ የግብርና ምርታማነት ፕሮጀክት ምርምሩን አከፋፍሎ ነበር። ስንዴ ለኢትዮጵያ፣ ወተት ለኬንያ፣ ካሳቫ ለኡጋንዳ፣ ሩዝ ለታንዛኒያ። ፕሮጀክቱ አልቋል። እንዲህ ያለው ትብብር ይቀጥል ወይስ ብራችንን እዚሁ እናውለው? ግራ እንዳንጋባ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ።

የአርሲ ልጅ፦ ይቀጥል እንጂ! በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ሲፈጀው ገበሬው ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋጉንም፣ ኡጋንዳ ላይ የተገኘውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። በ2013 ሌላ የግንድ ዋግ መጣና አርሲና ባሌ ላይ እሱንም ጣለው። እንዲህ የተመታ ማሳ ውስጥ ገብታችሁ ከወጣችሁ ሱሪያችሁ በቀይ ዱቄት ይለወሳል። ዛላው ቆሞ ይታያል፤ ሲወቃ ግን የተጨማደደ ፍሬና ገለባ ነው። ኬንያ ንጆሮ ላይ ሆን ተብሎ ዋግ በሚለቀቅበት ማሳ የእኛም የሌላውም አገር ስንዴ ጎን ለጎን ይዘራል። የወደቀው እዚያው ይቀራል። ይሄን ለብቻችን እንሥራ ነው የምትሉት?

ሸማቿ፦ በሽታ ድንበር የለውም ልትሉኝ ነው፣ ሰምቼዋለሁ። እኔን የሚያሰጋኝ ዘሩ ነው። በ2005 ከአንድ የደች ኩባንያ ጋር በጤፍ ተፈራረምን። የኩባንያው ሰው በጎን የጤፍ ዱቄት ፓተንት አወጣበት! የሄግ ፍርድ ቤት ኔዘርላንድስ ውስጥ የሻረው በ2018 ነው። አንዴ የተቃጠለ ሰው ቢጠነቀቅ ምን ይገርማል?

እንሰት፦ እህቴ፣ ጤፉን የወሰደብን ኬንያዊ ነው እንዴ? ውሉ ይጥበቅ፣ እስማማለሁ። ግን ስለ እንሰት አጠውልግ እኛ አገር በ1968 ተጽፏል። በ2001 ያው በሽታ ኡጋንዳ ሙዝ ላይ ወጣ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስናውቀው ኖረን ለጎረቤት የሚተርፍ መድኃኒት አልነበረንም። ለብቻ መሥራት ማለት ይሄው ነው።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ሁላችሁም ዋናውን ዘላችሁታል። የቀጠናው የምርምር ማኅበር፣ አሳሬካ፣ ኢንቴቤ ተቀምጧል። ስብሰባ አለ፣ አበል አለ። ገበሬው ግን የተመረጠ ዘር ሲፈልግ "አልቋል፣ ለከርሞ ና" ይባላል። ተመራማሪ ዝርያ ለቀቅሁ ብሎ ቢያጨበጭብ ዘር የሚያባዛ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

የአርሲ ልጅ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ከኩብሳ ውድቀት በኋላ ካካባና ዳንድአ የሚባሉት የስንዴ ዝርያዎች ቶሎ የተዳረሱት በበጋ በመስኖ ስለተባዙ ነው። ማባዛቱ የየአገሩ ሥራ ነው፤ ኬንያ መጥታ አታባዛልንም። በበሽታ መፈተኑ ግን የጋራ ነው።

ጋሼ፦ የጋራ ከሆነ ከፋዩስ ማን ነው? የንጆሮውን ፍተሻ ለዓመታት የደገፈው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ፕሮጀክት ነው፣ ብሩ ደግሞ የጌትስ ፋውንዴሽንና የእንግሊዝ መንግሥት። ማፑቶ ላይ በ2003 ከበጀታችን 10 በመቶ ለግብርና ያሉት የአፍሪካ መሪዎች የት አሉ? አብዛኞቹ እዚያ አልደረሱም። ፈረንጅ ኪሱን የዘጋ ቀን ትብብራችሁም ይዘጋል።

ሸማቿ፦ እና እንተወው ነው የሚሉት?

ጋሼ፦ አላልኩም። ንጆሮ ለፍተሻ ስንዴ የሚልክ አገር ለሚዘራለት መደብ ይክፈል ነው የምለው። ኢትዮጵያም ከሁሉ ቀድማ።

እንሰት፦ በዶላር ነው አይደል ጋሼ? እሱን ደግሞ ብሔራዊ ባንክን ይጠይቁልን።