«ራጅ ተነሣ» ወይስ «መዋቅሩ ተፈታ»?

ጥያቄ
የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ የሞለኪውል መዋቅር በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ (አተሞቹ በሥርዓት በተደረደሩበት ጠጣር፣ ማለትም በክሪስታል ላይ፣ የራጅ ጨረር በማሳረፍ) እንዴት እንደሚታወቅ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ክሪስታሉ ጨረር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ «ሞለኪውሉ ራጅ ተነሣ» ይላሉ፤ የአተሞቹ አቀማመጥ ተለይቶ ሲታወቅ ደግሞ እኔ «መዋቅሩ ተፈታ» እላለሁ። አንድ ባልደረባዬ ግን «ተፈታ» ሲባል «ተበታተነ» ስለሚመስል ቃሉ ቢቀር ይሻላል ብሎኛል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ
«ራጅ» ጨረሮች ማለት ከሆነው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ስለሆነ በስሙ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የሚያሳስተው «ተነሣ» የሚለው ግስ ነው። አጥንት ራጅ ሲነሣ ጨረሩ በሰውነት ውስጥ አልፎ የአጥንቱን ጥላ በቀጥታ ያሳርፋል፤ በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በማክስ ፎን ላው ሐሳብ መነሻነት እ.ኤ.አ. በ1912 በተደረገው ሙከራ የታየው ግን የነጠብጣቦች ስብስብ እንጂ የአተሞች ምስል አልነበረም። በሥርዓት የተደረደሩት አተሞች የበተኗቸው ሞገዶች በተወሰኑ አቅጣጫዎች ብቻ ይደጋገፋሉ፣ በቀሩት ይጠፋፋሉ። ነጠብጣቡ የሞገዱን ብርታት ይናገራል፤ ከሞገዶቹ የትኛው ቀድሞ የትኛው ዘግይቶ እንደደረሰ ግን አይመዘገብም። (ይህን ባሕርይ በእንግሊዝኛው ድምፅ «ፌዝ» ብለን ብንጽፈው ከቧልት ጋር ስለሚምታታ በገለጻ ማለፉን እመርጣለሁ።) የጠፋው መረጃ በስሌት ካልተገኘ ኤሌክትሮኖች የታጨቁበትን ስፍራ፣ በዚያም የአተሞቹን ቦታ የሚያሳየው ካርታ አይሠራም። ስለዚህ ሥራው ከፎቶግራፍ ይልቅ ቅኔ ከመፍታት ጋር ይዛመዳልና «ተፈታ» ማለትዎ ተገቢ ነው።

ተጨማሪ መልስ
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም የባልደረባዎ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። «ፈታ» ትርጉሙን የሚያገኘው አብሮት ከሚሄደው ስም ነው፦ ሕልምና እንቆቅልሽ ሲፈቱ ምስጢራቸው ይገለጣል፣ ሞተር ሲፈታ ግን ክፍሎቹ ይለያያሉ። «ሞለኪውሉ ተፈታ» ያለ ተማሪ የኬሚካል ትስስሩ የተበጠሰ ያስመስላል፤ «የሞለኪውሉ መዋቅር ተፈታ» ሲል ግን ማንም አይሳሳትም። «ተነሣ»ንና «ተፈታ»ን ለመለየት ከኢንሱሊን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን የክሪስታሉን የነጠብጣብ ምስል ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ መዋቅሩ የተፈታው በ1969 ነው። የተማሪዎችዎን አነጋገር ብንከተል ኢንሱሊን «ራጅ ከተነሣ» በኋላ እስኪፈታ 34 ዓመት ወስዷል ማለት ነው፤ በመካከሉ እኚሁ ሳይንቲስት የፔኒሲሊንንና የቫይታሚን ቢ12ን መዋቅር ፈትተው እ.ኤ.አ. በ1964 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ በተማሪዎቼ የቤተ ሙከራ መዝገብ ላይ ለመጀመሪያው ደረጃ «ነጠብጣቦቹ ተመዘገቡ»፣ ለመጨረሻው ደግሞ «መዋቅሩ ተፈታ» ብለው እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ የኢንሱሊኑንም ምሳሌ በመጀመሪያው ትምህርት እነግራቸዋለሁ።