ሌሊት የሚጮህ የሞተር አላርም ከግቢያችን ይውጣ ወይስ ይቆይ? (የአንድ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ክርክር)

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ጎረቤቶች፣ ለእሑዱ ስብሰባ የቀረበው ሐሳብ ይሄ ነው። «ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳይረኑ የሚጮህ ሞተር ግቢ ውስጥ አይቆምም።» ስድስት ሞተር ያድራል፤ አራቱ አላርም አላቸው። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሌሊት ተቀስቅሰናል። ስብሰባው ላይ ከምንጯጯህ እዚሁ ግሩፑ ላይ ተከራከሩ። ቮይስ የምትልኩ ደግሞ እባካችሁ አሳጥሩት። ባለፈው የ11 ደቂቃ ቮይስ የላከው ሰው ራሱን ያውቃል።

የ2ኛ ፎቅ እናት፦ እደግፋለሁ። የሰባት ወር ልጅ አለኝ። ሞተሮቹ የሚቆሙት ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ነው። ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጮኸ። ልጁን አስተኛሁት። 9 ሰዓት ላይ ደገመው። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ወጥቶ ያየ ሰው አለ? እኔ አልወጣሁም። ባለቤቴም አልወጣም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ተረጋግቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይወስደው ነበር።

ባለ ሞተሩ፦ እህቴ፣ የማክሰኞው የእኔ ነው፤ ይቅርታ። ግን እኔንም ስሙኝ። ዴሊቨሪ ነው የምሠራው። ያቺ ሞተር እንጀራዬ ናት፤ ዕዳዋም አላለቀም። አምና ሌላ ሰፈር ስኖር የጓደኛዬ ቦክሰር ሞተር ከበር ላይ ተወሰደች። መሪዋ ተቆልፎ ነበር። ምን ዋጋ አለው? ሁለት ሰው አንስቶ ፒክአፕ ላይ ጫናት። ልክ እንደ ቆሎ ከረጢት። እኔ በነጋታው አላርም አስገጠምኩ። ሳይረኑን አጥፋ ማለት ሌባውን በለሊት ልብስ ጠብቀው ማለት ነው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ እንጀራህን ማንም አልነካም። እኔ ግን ደም ግፊት አለብኝ። ድንገት ሲጮህ ልቤ ትዘላለች። ጥበቃ ቀጥረን በየወሩ እንከፍል የለም እንዴ?

ባለ ሞተሩ፦ ጋሼ፣ ጥበቃው አንድ ነው፣ በሩ ሁለት ነው። እሱም ሰው ነው፤ ይተኛል።

ሕግ ተማሪዋ፦ ሰዓቱ ከየት መጣ ለምትሉ። አገራችን የድምፅ ደረጃ አላት። መነሻው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሌሊት የሚባለውም ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ነው። የሞተር ሳይረን ካርቶኑ ላይ 110 ወይም 120 ተብሎ ይጻፍበታል። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር 6 ያህል ይቀንሳል ብንል እንኳ ስምንት ሜትር ላይ ያለ መስኮት 90 ይደርሰዋል። እና ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

የሽቦ ሰው፦ እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ የሞተርና የባጃጅ ኤሌክትሪክ ነው ሥራዬ። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ክልከላውን ግን እቃወማለሁ። ትናንት ማታ ወርጄ አራቱንም አየኋቸው። አራቱም ሱቅ እንደተገጠሙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም የነካቸው የለም።

የአላርሙ ሣጥን ውስጥ ንዝረት የሚሰማ ትንሽ ቁራጭ አለች። ምን ያህል ስትነካ እንድትጮህ ይስተካከላል። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ብሎን አለ፣ አንዳንዱ በሪሞት ነው። ገጣሚው ሱቅ በር ላይ ሴላውን በጣቱ መታ አድርጎ ሲጮህ ያሳያችኋል። «አየህ? ጎበዝ ነው!» ይላል። ብሩን ይቀበላል። ያ ማለት መጨረሻ ድረስ ከፍቶታል ማለት ነው። የእኛ ግቢ ደግሞ ከዋናው አስፋልት ሃያ እርምጃ ነው። ሌሊት ሲኖ ባለፈ ቁጥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አላርሙ ሲኖውን ሌባ ብሎ ይጮሃል። የማክሰኞው ያ ነው፤ አሸዋ የጫኑት የሚያልፉት በዚያ ሰዓት ነው።

ሌላም አለ። አራቱም በጎን ማቆሚያ ነው የሚያድሩት። በመሃል ማቆሚያው ብታቆሟት መወዛወዟ በጣም ይቀንሳል። ሣጥኑ ብረቱ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ቢገባ ጥሩ ነው። በዛ ካለ ግን ሰው ሲያነሳትም አይሰማም፤ ስለዚህ በልክ።

የ2ኛ ፎቅ እናት፦ እና ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እያለ እኔ ስምንት ወር አልተኛሁም?

የሽቦ ሰው፦ ልጁ ሰባት ወሩ ነው አላልሽም? 😄

የ2ኛ ፎቅ እናት፦ ከመወለዱ በፊትም ይጮህ ነበር።

ባለ ሞተሩ፦ እሺ፣ ቢስተካከል ደስ ይለኛል። ግን ሌላ ነገር ጠይቄ ልለፍ። ለገና አገር ቤት ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ባትሪው ሞቶ አገኘሁት። እሱም አላርሙ ነው?

የሽቦ ሰው፦ እሱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ርካሹ አላርም ዝም ብሎ ሲጠብቅ 10 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በቀን 0.24 አምፔር ሰዓት ነው። የትንሽ ሞተር ባትሪ 5 አምፔር ሰዓት ከሆነ በአሥር ቀን ግማሹ አለቀ። ባትሪው ካረጀ ደግሞ ቶሎ ነው። ስትሄድ አላርሙን ዝም ብለህ አጥፋው ማለት አልችልም፤ የሚፈለገው ያኔ ነው። ወይ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለህ፣ አላርሙ ስለማይሠራ በካቴና ጠፍረህ ሂድ። ወይ ለሚያምኑት ሰው ትተህ በሳምንት አንዴ ያስነሳልህ።

የአንተን ሳየው ግን ሌላ ያስደነገጠኝ ነገር አለ። ሽቦው ተገፎ፣ ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሏል። ስታኞ (ሽቦ መበየጃው) የለም። ፊውዝም የለም። ክረምት ውሃ ሲገባበት ሞተሯ መንገድ መሃል ትጠፋለች። ሾርት ካደረገ ደግሞ ሽቦው ይቃጠላል። ፊውዙ የሚገባው ባትሪው አጠገብ፣ ፖዘቲቩ ላይ ነው። አላርሙ ሞተር የሚያጠፋበትን ሽቦ ደግሞ ዓይነቱን ሳይለዩ ማገናኘት አደጋ ነው። አንዳንዱ ሞተር ሽቦው ከቦዲ ጋር ሲነካ ነው የሚጠፋው፣ ሌላው 12 ቮልቱ ሲቋረጥ። ይህን ሳያረጋግጥ 12 ቮልት የላከበት ሰው ሲዲአዩን (ለካንዴላው እሳት የሚልከውን ሣጥን) ያቃጥላል።

አንዳንዱ አላርም ያለውን፣ ሞተሯን በሪሞት የማስነሳቱን ነገር ግን በፍጹም አልገጥምም። ማርሽ ውስጥ ሆና ብትረሳት፣ ቁልፉን ኪስህ ውስጥ በስህተት ብትጫነው፣ ዘላ ትሄዳለች። ግቢው ውስጥ ሕፃናት ይጫወታሉ።

ጡረተኛው፦ ይሄስ ለብቻው ይከልከል።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል ጋሼ።

ከለንደን (የ14 ቁጥር ባለቤት)፦ ቤቴን አከራይቼ ብሄድም ግሩፑ ውስጥ አለሁ፤ ጣልቃ ስገባ ይቅርታ። እዚህ ለንደን አራት ዓመት በስኩተር ምግብ አድርሻለሁ። ኢንሹራንሶች አላርሙ «ታቻም» የሚባል ተቋም የመዘነው ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አላርምና ሞተር እንዳይነሳ የሚያግድ መሣሪያ ሁለቱም ያለው ምድብ አንድ ይባላል። ቢሆንም መንገድ ላይ አላርም ሲጮህ ዞሮ የሚያይ አላገኘሁም። ሌባው በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር ይዞ ይመጣል። የጠቀመኝ ካቴናውን መሬት ውስጥ በኮንክሪት ከተቀበረ ወፍራም ቀለበት ጋር ማሰር ነው። አንስቶ መጫን አይቻልም። ለግቢያችን ሁለት ቀለበት ቢቀበር ሲሚንቶው ስንት ነው?

ሕግ ተማሪዋ፦ የጋራ መሬት ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ 370/1995፣ የጋራውን ቦታ ማስተዳደር ለማኅበሩ ነው የሰጠው። ጉባኤው መወሰን አለበት።

ጡረተኛው፦ ሞተር የሌለኝ ሰው ለቀለበት ለምን እከፍላለሁ?

ባለ ሞተሩ፦ ጋሼ አትከፍሉም። ስድስታችን እናዋጣለን። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሳይረኑ ከጠፋ እኔ እንዴት አውቃለሁ?

የሽቦ ሰው፦ ሁለት መንገድ አለ። ሲም የሚገባበት ጂፒኤስ ስትነቃነቅ ቴክስት ይልካል ወይ ይደውልልሃል። የሚጮኸው ስልክህ ነው፤ ጎረቤት አይሰማም። ካርድ መሙላት እንዳትረሳ። ሁለተኛው፣ ስክሪን ያለው ሪሞት ነው፤ ትራስህ ሥር ይንቀጠቀጣል። የእሱ ችግሩ ወፍራም ግድግዳ ነው፤ ከአምስተኛ ፎቅ ላይደርስ ይችላል። አንተ ሦስተኛ ላይ ነህ፣ ሞክረው።

እኔ ብሆን ሳይረኑን አላስወግደውም። ሁለተኛ ደረጃ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ሲነካ ፍሬቻው ብቻ ብልጭ ይበል። ሞተሯ ከተነሳች ወይም ኮንታክት ከተከፈተ ይጩህ። ያን የሚችል አላርም ገበያ ላይ አለ፤ ስትገዙ ጠይቁ።

የ2ኛ ፎቅ እናት፦ ከአሁን በኋላ ስንት ጊዜ ቢጮህ ነው ጥፋት የሚባለው? ቁጥር ንገሩኝ። «እናስተካክላለን» ሰምቼ አውቃለሁ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ በወር ሁለቴ ያለ ምክንያት ከጮኸ፣ ሦስተኛው ላይ ባለቤቱ ሳይረኑን ነቅሎ ያሳድር ብዬ ላቅርብ?

ባለ ሞተሩ፦ ሲኖ ያስጮኸውስ ይቆጠራል?

የ2ኛ ፎቅ እናት፦ ይቆጠራል!

ጡረተኛው፦ እኔ ያው ይከልከል ብዬ ነው እጄን የማወጣው። ተናግሬያለሁ።

የሽቦ ሰው፦ ቅዳሜ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ጋ ነኝ። ለእጄ አልጠይቅም፤ ፊውዝና ስታኞ ግን ግዙ። ሁለቱንም ሪሞት ይዛችሁ ኑ። ሁለተኛው የት እንዳለ የማያውቅ ከአሁኑ ይፈልግ።

የ2ኛ ፎቅ እናት፦ እኔም ማታ ልጁን አቅፌ እወርዳለሁ። አንድ ሲኖ እስኪያልፍ ድረስ እዚያው እቆማለሁ።