የፈረስ ግምት እንደ ውርርድ ማስታወቂያ ይገደብ? (ክርክር)

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ከብሪታንያ ነው። ግራንድ ናሽናል የተባለው የፈረስ ሩጫ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ በሊቨርፑል ኤይንትሪ ሜዳ ሲካሄድ፣ ዓመቱን ሙሉ ውርርድ ቤት የማይረግጡ ሰዎች ሳይቀሩ በዚያች ቅዳሜ አንድ ፈረስ ይመርጣሉ። ሳምንቱን በሙሉ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም የትኛው ፈረስ ያሸንፋል በሚል ግምት ይሞላል። የውርርድ ድርጅቶቹ ከ2019 ጀምሮ በቀጥታ የስፖርት ስርጭት ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ማስታወቂያ ላለማስነገር በራሳቸው ተስማምተዋል፤ የፈረስና የውሻ ሩጫ ግን ከስምምነቱ ውጭ ተደርጓል። ጥያቄው፦ የፈረስ ግምትና ትንታኔ እንደ ውርርድ ማስታወቂያ ተቆጥሮ ይገደብ ወይስ እንደ ማንኛውም የስፖርት ዘገባ ነፃ ይሁን? ዓመተ ምሕረቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ። ተከባበሩ።

ነርሷ ከማንቸስተር፦
ይገደብ። እኔ ዘገባ ነው ብዬ አልቀበለውም። የእግር ኳስ ተንታኝ ስለ ጨዋታው ተናግሮ ያበቃል፤ የፈረስ ተንታኝ ግን ንግግሩን የሚጨርሰው "ይሄን ፈረስ በ8 ለ1 ያዙት" ብሎ ነው፤ 1 ፓውንድ አስይዘህ ፈረሱ ቢያሸንፍ 8 ታተርፋለህ ማለት ነው። ስልክ ላይ ስታነቡት ደግሞ ከዓረፍተ ነገሩ ሥር ወደ ውርርድ ድርጅቱ የሚወስድ ቁልፍ አለ። በ2020 እዚህ አገር በክሬዲት ካርድ መወራረድ የተከለከለው ሰው በሌለው ገንዘብ እየተወራረደ ዕዳ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ካርዱን ከልክሎ ጉትጎታውን መተው ግማሽ ሥራ ነው። የምሠራበት ክፍል ውስጥ ደመወዝ በገባ በማግስቱ ብድር የሚጠይቁ ሰዎች አውቃለሁ፤ የሚያነቡት ግምት ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ሲነግሩኝ ዓይናቸው ያበራል።

የእንጅባራ ልጅ (ሊድስ)፦
እህቴ፣ ያየሽውን አልክድም፤ ግን ፈረስ ማወቅንና ገንዘብ ማስያዝን አንድ አድርገሽዋል። እኔ ያደግሁት አዊ ውስጥ ነው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ሽማግሌዎቹ ፈረሱ ገና ከሩቅ ሲመጣ ደረቱን፣ የእግሩን አጣጣል፣ አተነፋፈሱን አይተው "ይሄ ዛሬ ልቡ የለም" ይላሉ። ይህን የሚሉት ገንዘብ አስይዘው አይደለም። ነገሥታቱና የጦር አለቆቹ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እየተባሉ በፈረስ ስማቸው የተጠሩበት አገር ልጆች ሆነን ስለ ፈረስ ማውራት ይገደብ ስንባባል ያሳዝነኛል።

ግራንድ ናሽናልን እንውሰድ። ርቀቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝላዩ 30። ስለዚህ በመጀመሪያ የምፈልገው ትንፋሽ ነው፤ ፍጥነት በኋላ ይመጣል። ረጅም ሩጫ ሮጦ መጨረሻው ላይ እየበረታ የገባ ፈረስ ነው ወይ? ቀጥሎ መሬቱን አያለሁ። በዝናብ የላላ ሜዳ የሚስማማው ፈረስ አለ፣ ጠንከር ያለ መሬት ካላገኘ የማይሆንለትም አለ፤ ሐሙስ የተጻፈ ግምት ዓርብ ሌሊት በዘነበ ዝናብ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የአሰልጣኙንና የጋላቢውን ስም፣ ያለፉትን ሩጫዎች መዝገብ አነባለሁ። መዝገቡ ላይ ቁጥሩ የገባበት ደረጃ ነው፤ "ኤፍ" ወድቋል፣ "ዩ" ጋላቢውን ጥሏል፣ "ፒ" ጋላቢው መሀል ላይ አስቁሞታል ማለት ነው። "ፒ" ያየ ሰው ሁሉ ፈረሱን ይጥለዋል። እኔ ግን ለምን እንዳስቆመው አጣራለሁ፤ መሬቱ ስላልተስማማው ከሆነ ዛሬ በሌላ መሬት ሌላ ፈረስ ነው።

ትልቁ ነገር ደግሞ ሸክሙ ነው። ሩጫው ሃንዲካፕ ነው፤ ብርቱ የተባለው ፈረስ ብዙ ክብደት ተጭኖበት፣ ደካማው ቀለል ብሎለት ይሮጣል። ክብደት መዳቢው የሚመኘው ሁሉም ጎን ለጎን ሲገቡ ማየት ነው። ታይገር ሮል በ2018 አሸነፈ፤ በ2019 ክብደቱ ጨምሮበት፣ 72 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ ደገመው። ከሬድ ረም የ1973 እና የ1974 ድል ወዲህ በተከታታይ ያሸነፈ አልነበረም። ይህን አንብቦ የሚረዳ ሰው ቁማርተኛ አይደለም።

የሒሳብ መምህር (ለንደን)፦
የእንጅባራው ወንድሜ ያልከው በሙሉ ልክ ነው። ችግሩ ያንኑ አወራራጁም ያውቀዋል፤ አውቆም ኦዱ ውስጥ፣ ማለትም ፈረሱ ቢያሸንፍ በሚከፍለው ልክ ውስጥ፣ አስገብቶታል።

አንድ ምሳሌ ልሥራላችሁ። ስድስት ፈረሶች ይሮጣሉ እንበል። ኦዳቸው 2 ለ1፣ 3 ለ1፣ 4 ለ1፣ 5 ለ1፣ 6 ለ1 እና 9 ለ1 ነው። 2 ለ1 ማለት የማሸነፍ ዕድሉ ከሦስት አንድ፣ 33.3 በመቶ ነው እንደማለት ነው፤ 3 ለ1 ደግሞ 25 በመቶ። ሌሎቹም እንዲሁ 20፣ 16.7፣ 14.3 እና 10 ናቸው። ደምሩት፦ 119.3 ይመጣል። እውነተኛ ዕድል ከ100 አይበልጥም። ውርርዱ እንደ ኦዱ መጠን ቢከፋፈል አወራራጁ 119 ፓውንድ ከ30 ሰብስቦ፣ የትኛውም ፈረስ ቢያሸንፍ 100 ይከፍላል ማለት ነው። ገማቹ ጎበዝ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ከሌላው ተወራራጅ ሁሉ በዚህ ልዩነት መጠን መብለጥ አለበት። በብሪታንያ ሩጫዎች ቀዳሚ ተገማቹ ፈረስ ከሦስት አንዱን ገደማ ያሸንፋል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ሆኖም በየሩጫው እሱን ብቻ የያዘ ሰው በረጅም ጊዜ ይከስራል።

የ2025ቱን ናሽናል አስታውሱ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የገቡት ፈረሶች የአንድ አሰልጣኝ፣ የዊሊ ሙሊንስ ነበሩ። አሰልጣኙን ያነበበ ሰው በትክክል አንብቧል። ያሸነፈው ግን የአሰልጣኙ ልጅ የጋለበው ኒክ ሮኬት ነው፤ ኦዱ 33 ለ1። በ1967 ደግሞ ከፊት የነበሩት በ23ኛው ዝላይ ላይ ተደራርበው ሲቆሙ ከኋላ የመጣው ፎይናቮን በ100 ለ1 አሸነፈ። ይህን የትኛው ሽማግሌ የፈረሱን ደረት አይቶ ያውቀዋል?

አሁን ወደ ጥያቄው። ብዙ የኢንተርኔት ገማቾች ከውርርድ ድርጅቶች ጋር ውል አላቸው፤ በእነሱ ቁልፍ ገብቶ የተመዘገበ ደንበኛ ከከሰረው ገንዘብ ድርሻ ይከፈላቸዋል። ምክሩን የሚሰጥህ ሰው አንተ ስትከስር የሚያተርፍ ከሆነ ያ ምክር አይደለም። በሌላ በኩል በተደጋጋሚ የሚያሸንፍ ደንበኛ ሲገኝ ድርጅቶቹ የሚያስይዘውን መጠን ወደ ሳንቲም ያወርዱበታል። ዕውቀት ያለው ይገፋል፤ ያለው የመሰለው ይጋበዛል። የኔ አቋም፦ ትንታኔው ይኑር፣ ከኪሳራ ድርሻ መውሰድ ግን በሕግ ይከልከል።

ሾፌሩ (በርሚንግሃም)፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን እኔ ዓመቱን ሙሉ ሠርቼ በዚያች ቅዳሜ 5 ፓውንድ ባስይዝ የማን ጉዳይ ነው? ሌላም ነገር አለ። አወራራጆቹ ከብሪታንያ የፈረስ ሩጫ ከሚያገኙት ጥቅል ትርፍ ከ500,000 ፓውንድ በላይ ካለው 10 በመቶውን ለስፖርቱ ይከፍላሉ። ሜዳው፣ የሽልማቱ ገንዘብ፣ የጋጣ ሠራተኛው እንጀራ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። በሴፕቴምበር 2025 መንግሥት የውርርድ ግብሩን ሊጨምር ነው ተብሎ ስፖርቱ አንድ ቀን ሙሉ ሩጫ አቁሞ ተቃውሟል። ግምቱን ስታፍኑ ይህን ሁሉ እንደምትነኩ እወቁ።

ከዱባይ፦
ያለ ውርርድ የፈረስ ሩጫ የለም የሚል ሐሳብ ስላየሁ ነው የገባሁት። የዱባይ ዓለም ዋንጫ ከ1996 ጀምሮ ይካሄዳል፤ ከ2010 ወዲህ ሜዳው ሜይዳን ነው። የዋናው ሩጫ ሽልማት 12 ሚሊዮን ዶላር ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ውርርድ የለም። ሰው አሸናፊዎቹን በነፃ ወረቀት ላይ ሞልቶ ያስገባል፤ በትክክል የገመተ ይሸለማል፣ የሳተ ምንም አያጣም። አብረውኝ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ወረቀቱን ይዘው ስለ መሬቱና ስለ ጋላቢው ሲከራከሩ ብታዩ፣ የእንጅባራው ወንድማችን የሚወደው ነገር ሁሉ አለ። ለእኛ ሙስሊሞቹ ደግሞ ኅሊናችን ሳይቆሽሽ የምናየው ሩጫ ነው።

ሾፌሩ (በርሚንግሃም)፦
እዚያ ገንዘቡን የሚያወጡት የአገሩ መሪዎች ናቸው ወንድሜ። እዚህ ማን ያውጣው?

የሒሳብ መምህር (ለንደን)፦
መካከለኛ መንገድም አለ። ፈረንሳይና ሆንግ ኮንግ ውስጥ ውርርዱ በጋራ ቋት ነው፤ የሁሉም ገንዘብ ይሰበሰባል፣ የተወሰነ ድርሻ ለስፖርቱና ለመንግሥት ይነሳል፣ የቀረውን አሸናፊዎቹ ይካፈላሉ። ቋቱን የያዘው አካል አንተ በግልህ ብትከስር የሚያገኘው የተለየ ጥቅም የለውም፤ ብታሸንፍም አያባርርህም።

የአዲስ አበባ ልጅ፦
እናንተ የምትከራከሩት በሕይወት ስላለ ፈረስ ነው። እኛ ሰፈር ቤቲንግ ቤት ውስጥ ስክሪኑ ላይ የሚሮጠው ኮምፒውተር የፈጠረው ፈረስ ነው። በየጥቂት ደቂቃው አዲስ ሩጫ ይጀመራል። ትንፋሽ የለው፣ መሬት የለው፣ አሰልጣኝ የለው። ውጤቱን የሚያወጣው ማሽን ነው፤ ያለፈውን ሩጫ ማጥናት ለሚቀጥለው ምንም አይነግርህም። ልጆቹ ግን ደብተር ይዘው ቁጥር ይመዘግባሉ፣ "አሁን የ4 ቁጥር ተራ ነው" ይባባላሉ። ትኬታቸው ተበልቶ ሲወጡ "ለትንሽ ነው የሳትኩት" ይላሉ። ሥራ ፈልጎ ያጣ የ19 ዓመት ልጅ ነው ይህን የሚለው። ከአውሮፓ የሚመጣው የባለሙያ ትንታኔ እዚህ ሲደርስ ቁማር ሁሉ በጥናት ይሸነፋል የሚል እምነት ሆኖ ነው የሚደርሰው። ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት አካል ይህን በማሽን የሚሠራ ሩጫ ከእውነተኛ ስፖርት ለይቶ ቢያየው ደስ ይለኛል። እኔ ለማገድ ነኝ፤ ለመገደብ አይደለም።

የእንጅባራ ልጅ (ሊድስ)፦
የአዲስ አበባው ወንድሜ፣ በዚህ ካንተ ጋር ነኝ። ያ ፈረስ አይደለም። እሱ ላይ ግምት የሚሸጥ ሰው ዝናብ ሳያይ፣ ጋጣ ሳይረግጥ ሐሰት ነው የሚሸጠው። ቢታገድ አላዝንም።

ነርሷ ከማንቸስተር፦
መምህር ያሉትን የኪሳራ ድርሻ እገዳ እቀበላለሁ፤ አይበቃም ግን። ናሽናል ከ2024 ወዲህ የሚጀመረው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ልጆች ሳሎን ተቀምጠው የሚያዩበት ሰዓት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ የፈረሶቹን ስም ሳታውቅ ኦዳቸውን ታውቃለች። ሐሳቤ ይህ ነው፦ ትንታኔው ስለ መሬቱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ትንፋሹ የፈለገውን ያህል ይተንትን፤ ኦዱና ቁልፉ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ከስክሪኑም ከገጹም ይውጡ። ፈረስ ማወቅ ብቻ ነው የምንፈልገው ካልከኝ የሚጎድልብህ ነገር የለም።

የእንጅባራ ልጅ (ሊድስ)፦
ቁልፉ ይውጣ፣ ዛሬውኑ ይውጣ። የኪሳራ ድርሻውም ይከልከል። ኦዱን ግን አልሰጥሽም እህቴ። ኦዱ ሌላው ሰው ስለ ፈረሱ የሚያስበውን ነው የሚነግረኝ፤ ሰኞ 20 ለ1 የነበረ ፈረስ ዓርብ 10 ለ1 ከሆነ ጋጣው አካባቢ የሆነ ነገር ታይቷል ማለት ነው፣ ሳንቲም ባላስይዝም ማወቅ እፈልጋለሁ። ለልጅሽ የምታስቢውን ግን ተረድቻለሁ። በቴሌቪዥን ስርጭቱ ላይ እስከ ሩጫው ፍጻሜ እንዳይታይ ቢባል እስማማለሁ፤ ከጋዜጣው ላይ ይነሳ ከተባለ እቃወማለሁ።

ነርሷ ከማንቸስተር፦
ጋዜጣው ዛሬ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ ወንድሜ። እሱንም ያው ልጅ ነው የሚከፍተው።