መጽሐፉ ፊልም ሲሆን የሚያዘው ማነው? ከከዚራ የተጀመረ ክርክር

የሳቢያኗ መምህርት፦
እሁድ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ሥር የጀመርነውን ክርክር ሙቀቱ አቋረጠብን። እዚሁ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ ጥያቄው ይሄ ነው። አንድ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ወይም ወደ ተከታታይ ድራማ ሲቀየር፣ ደራሲው «ይሄ አይሆንም» የማለት ሥልጣን ይኑረው? ወይስ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ዳር ቆሞ ይመልከት? ደራሲው ከሞተስ ማን ይናገርለት?

እኔ ይኑረው ባይ ነኝ። ፊልሙን አንዴ ካየን መጽሐፉን የምናነበው በተዋናዩ ፊት ነው። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን፣ የ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን የአማርኛ ትርጉም፣ ያነበብኩት ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነበር። ስካርሌት ኦሃራን በራሴ ልሳላት ብል አልሆነልኝም። ቪቪያን ሊ በየገጹ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ነቢይ መኮንን ያን ሁሉ ታሪክ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ ያወጣልን እኔ ተዋናይዋን እንዳይ ነው? ማርጋሬት ሚቸል መጽሐፉን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ፊልሙ በ1939 ወጣ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው በአንባቢ ምናብ ውስጥ ብቻውን የኖረው።

ቪዲዮ ቤት፦
አቦ መምህርት፣ አታካብጂ! መጋላ ቪዲዮ ቤት በነበረኝ ጊዜ «ጎድፋዘር»ን ካሴቱ እስኪያረጅ አሳይቻለሁ። ከተመልካቾቼ መሀል መጽሐፉን ያነበበ አንድም አልነበረም። ካዩ በኋላ ግን «መጽሐፍ አለው እንዴ?» ብለው የሚጠይቁኝ ነበሩ። ፊልም አንባቢ ይገድላል የምትሉት ነገር አይገባኝም። እኔ ዘንድ ሲወልድ ነው ያየሁት።

ደግሞ ማሪዮ ፑዞን እዩት። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1969 አወጣ። ፊልሙ በ1972 ሲሠራ ዳር ቆሞ አላለቀሰም። ከዳይሬክተሩ ከኮፖላ ጋር ቁጭ ብሎ የፊልም ጽሑፉን ጻፈ። ሁለቱም ኦስካር ወሰዱበት። ደራሲ መናገር ከፈለገ ገብቶ ይሥራ። ከውጭ ሆኖ «ይሄ አይሆንም» ማለት ቀላል ነው። ደራሲ እኮ እስክርቢቶና ወረቀት ይበቃዋል። የካሜራውን፣ የመብራቱን፣ የሃምሳ ሰው ምሳ ማን ይከፍላል? የከፈለ ይዘዝ።

ቼሚኖ፦
እኔ ጡረታ የወጣሁ የምድር ባቡር ሰው ነኝ። የናንተን ኦስካር አላውቅም። የማውቀው ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነብ ነው። ሬዲዮ ያለው ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ይሰበሰባል። ልጅ ካለቀሰ እናቱ ይዛው ትወጣለች። ሰብለ ወንጌል ስታዝን እዚህ ለገሃሬ ያለች ሴት ታዝናለች። ጎጃምን በዓይናችን አይተን አናውቅም። ደጋውን፣ ቤቱን፣ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ ሁሉ እያንዳንዳችን በየራሳችን ሠራነው። የኔ በዛብህ ከጎረቤቴ በዛብህ ጋር አይመሳሰልም ነበር። አሁን አንድ ልጅ መጥቶ «በዛብህ ይሄ ነው» ሲለኝ ምን ልበለው?

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። አንዳንድ መጽሐፍ አይነካም።

ከአዲስ አበባ የመጣው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት በጣም ልብ ይነካል። ነገር ግን…

የደቻቱ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ድሬ ላይ «እርስዎ» የለም። ጋሼን «አንተ» ብትለው አይቆጣም። «እርስዎ» ስትለው ነው የታመመ የሚመስለው።

ቼሚኖ፦
እውነቱን ነው። ቀጥል ልጄ።

የደቻቱ ልጅ፦
እሱ እስኪቀጥል እኔ ልግባ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉዱ ካሣ ሲናገር ጆሮህ ላይ የሚመጣው ድምፅ የማን ነው?

ቼሚኖ፦
የወጋየሁ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?

የደቻቱ ልጅ፦
እንግዲህ! መጽሐፉ ላይ ድምፅ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ቀለምና ወረቀት ነው። የት ላይ እንደሚሳቅ፣ የት ላይ ድምፅ እንደሚሰበር፣ ፊታውራሪው ሲቆጡ ምን ያህል እንደሚጮኹ የወሰነው ተዋናዩ ነው። አንተ «አይነካም» የምትለው መጽሐፍ አንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ተነክቷል። በደንብ ስለተነካ ነው የወደድከው። መምህርት ቪቪያን ሊን ከገጹ ማስወጣት አቃተኝ አለች። አንተስ ወጋየሁን ከጆሮህ ማስወጣት ትችላለህ?

የሳቢያኗ መምህርት፦
ይሄኛው ቆንጥጦኛል። ትንሽ ላስብበት።

ቼሚኖ፦
ድምፅና ፊት አንድ አይደለም። ግን መልስህን ነገ እሰጥሃለሁ። አሁን ቡናዬ መጥቷል።

ጠበቃው፦
ስሜቱን ለእናንተ ትቼ ሕጉን ላስቀምጥ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን። ሥራን መተርጎም፣ ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር የደራሲው መብት ነው። ያለ ፈቃዱ ፊልም ማድረግ አይቻልም። ይሄ የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ በወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። ሃምሳውን ደምሩበት። ስለዚህ «ደራሲው ስለሞተ የሕዝብ ነው» የሚለውን ወሬ ተዉት። ከዚያ ውጪ የሞራል መብት የሚባል አለ። ሥራው ክብሩን በሚነካ መልኩ ሲጣመም ደራሲው የመቃወም መብት አለው። ቪዲዮ ቤት «የከፈለ ይዘዝ» ያለው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ቪዲዮ ቤት፦
ወረቀት ላይ ይወድቅ ይሆናል። መጋላ ላይ ቆሞ ነው ያለው። ደግሞ «መጣመም» ማለት ምን ማለት ነው? ስቲቨን ኪንግ «ዘ ሻይኒንግ» የሚለው ልብ ወለዴ ፊልም ሲሆን ተበላሸብኝ ብሎ ስንት ዓመት ዳይሬክተሩን ኩብሪክን ወቀሰ። እ.ኤ.አ. በ1997 ራሱ እንደፈለገው አድርጎ በቴሌቪዥን አሠራው። አሁን ሰው የሚያወራው የትኛውን ነው? የ1980ውን! ደራሲው የጠላውን! ኪንግ የመከልከል ሥልጣን ቢኖረው ያ ፊልም አይኖርም ነበር። እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

ጀጎል፦
ከሐረር ነኝ። የእናንተ ክርክር ደራሲና ዳይሬክተር መሀል ብቻ ነው የሚሮጠው። ሦስተኛ ሰው ረስታችኋል። የተጻፈበት ሰው የት ሄደ?

ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ከቤቴ ነው። «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» የሚባል ልብ ወለድ አለ። ካሚላ ጊብ የምትባል ካናዳዊት እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተመችው። ሴትዮዋ ዝም ብላ ካርታ አይታ አልጻፈችም። አንትሮፖሎጂ ልታጠና ሐረር ኖራለች። ይሄን አልክድባትም። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሊሊ ትባላለች። ከነጭ ወላጆች ተወልዳ ሞሮኮ ያደገች ሙስሊም ናት። ሐረር ትመጣለች፣ አዚዝ የሚባል ሐኪም ትወዳለች፣ አብዮቱ ሲመጣ ለንደን ትሰደዳለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ፊልም ሆነ። ዳይሬክተሩ የኛው ሰው ነው፣ «ድፍረት»ን የሠራው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ። ሊሊን የተጫወተችው አሜሪካዊቷ ዳኮታ ፋኒንግ ናት።

ከዚያ ኢንተርኔቱ ተቃጠለ። «የኢትዮጵያን ታሪክ በነጭ ሴት!» ተባለ። ተዋናይዋ «እኔ ኢትዮጵያዊት ሆኜ አይደለም የተጫወትኩት» ብላ ማስረዳት ነበረባት። ልክ ናት። መጽሐፉም ላይ ሊሊ ነጭ ናት። በዚህ ነገር ፊልሙ ለደራሲዋ ታማኝ ነው። መምህርት የምትፈልገው ታማኝነት ተገኝቷል ማለት ነው። እኔ ግን አሁንም ቅር ይለኛል። የአያቴ ቤት ውስጥ ነደባው ላይ፣ ከፍ ብሎ በተሠራው የሐረሪ ቤት መቀመጫ ላይ፣ ተቀምጦ ያደገ ሰው ሁልጊዜ የእንግዳዋ ታሪክ ጀርባ ላይ ነው የሚቆመው። ይሄ ጉድለት ከፊልሙ አልመጣም፤ ከመጽሐፉ ነው የመጣው። ደራሲዋን ብታከብሩም ባታከብሩም እኔ ጀርባ ላይ ነኝ። እና ንገሩኝ፣ ታማኝነቱ ለማን ነው?

ከአዲስ አበባ የመጣው፦
አንድ የውጭ ሰው ስለ ሐረር ስለጻፈ መውቀስ ግን ይከብዳል። ሐረር ሰዎች እንዲመጡላት ትፈልጋለች አይደል?

ጀጎል፦
አልወቀስኩም። ትጻፍ። እኔ ያልኩት ካሜራውን የሚያቆመው ሰው፣ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያቆመውን ሰው ወደፊት የማምጣት ነፃነት ይኑረው ነው። ያ ማለት ደግሞ ደራሲዋን አለመታዘዝ ነው። ስለዚህ ሳልወድ በግድ ከቪዲዮ ቤት ጎን ቆሜያለሁ።

ቪዲዮ ቤት፦
ና ወዲህ! ቦታ አለ።

የደቻቱ ልጅ፦
እኔም ልጨምር። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ደራሲ ነበር፤ ማርሴይ ወደብ ላይ ሸክም ተሸክሞ የኖረ ሰው። በፈረንሳይኛ ጻፈ። ጎበዝ ተባለ። በኋላ ዞር ብሎ ሲያይ አገሩ ላይ ብዙው ሰው ፈረንሳይኛ አያነብም። ስለዚህ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረና የራሱን መጻሕፍት ራሱ ፊልም አደረጋቸው። «ማንዳቢ»ን እ.ኤ.አ. በ1968 በወሎፍ ቋንቋ ሠራው።

ይሄን ያነሳሁት በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ ታወራለች። በሦስቱም አታነብም። የድሬ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። ማታ ድራማ ስታይ ግን ማን ማንን እንደከዳ ከኔ ቀድማ ታውቃለች። «መጽሐፉ አይነካ» ስትሉኝ «ለአያትህ በሩ ይዘጋ» እያላችሁኝ ነው።

የሳቢያኗ መምህርት፦
አያትህን አታምጣብኝ፤ እሷን ማን ይከራከራል? ግን ሴምቤን እኮ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ደራሲው ራሱ ነው ካሜራውን የያዘው። ግብፃዊው ደራሲ ናጊብ ማሕፉዝም ለግብፅ ሲኒማ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር። ሙያውን ከውስጥ ያውቀዋል።

የኔ ፍርሃት ሌላ ቦታ ነው። ኮሎምቢያዊው ደራሲ ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ን ፊልም አይሆንም ብሎ ዕድሜውን ሙሉ እንቢ አለ። አንባቢው ሰዎቹን በራሱ ይሳላቸው ባይ ነበር፤ ልክ እንደ ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ2014 አረፈ። ልጆቹ ለኔትፍሊክስ ፈቀዱ። በ2024 ተከታታይ ሆኖ መጣ።

ጠበቃው፦
ልጆቹ ግን እንደ ነገሩ አልሸጡትም። በስፓኒሽ ይሁን፣ ኮሎምቢያ ይቀረጽ አሉ። ሁለቱም ተፈጸመ። እኔ አይቼዋለሁ፤ ቆንጆ ነው። በሁለት ሰዓት ፊልም በእንግሊዝኛ ቢጨመቅ ኖሮ ያኔ አልቅሱ ነበር የምላችሁ።

የሳቢያኗ መምህርት፦
ቆንጆነቱን አልተከራከርኩም። እንቢ ያለ ሰው እንቢታው ከሱ ጋር ይቀበራል ወይ ነው የኔ ጥያቄ። እነዚሁ ልጆች አባታቸው «ይጥፋ» ያለውን ረቂቅ በዚያው በ2024 መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል። ሕግ ፈቀደላቸው። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ደስ ይላል?

ጠበቃው፦
አይልም። ግን ሌላ ማን ይወስን? ጎረቤት?

ጀጎል፦
አንዳንዴ ጎረቤት!

የሳቢያኗ መምህርት፦
እሺ፣ ከአቋሜ ግማሽ እርምጃ ልመለስ። የደቻቱ ልጅ ስለ ወጋየሁ ያለው ሲቆጠቁጠኝ ዋለ። ደራሲው በሕይወት እያለ ይጠየቅ፣ ይሰማ። እንቢ ካለ እንቢ ነው። ከፈቀደ በኋላ ግን በየትዕይንቱ እየገባ አያዝ። ከሞተ በኋላ… እዚህ ላይ ገና ነኝ። እስከዚያ ለጨዋታ ያህል፣ ጉዱ ካሣን ማን ቢጫወተው ትወዳላችሁ?

ቪዲዮ ቤት፦
አሸዋ ገበያ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ሰውዬ። ሜካፕ አያስፈልገውም። ዋጋ ስትጠይቀው ራሱ ሥርዓቱን ነው የሚተችልህ።

ከአዲስ አበባ የመጣው፦
ይሄን ሰውዬ አግኝቼዋለሁ። «አንቱ» ስለው ዋጋ ጨመረብኝ።

ቼሚኖ፦
እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ለጉዱ ካሣ የድሬ ሰው እንዳትሰጡ። መሀል ላይ «አቦ» ይልባችኋል። የጎጃም ሰው ፈልጉለት። ቀጭን ይሁን፣ ዓይኑ አንድ ቦታ የማያርፍ። ለሰብለ ወንጌል ደግሞ ፊቷ የማይታወቅ ልጅ አምጡ፤ ማስታወቂያ ላይ ያየናት አትሁን።

የደቻቱ ልጅ፦
ጋሼ፣ «አይነካም» ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?

ቼሚኖ፦
አይነካም። ከተነካ ግን ፊታውራሪ መሸሻ በቅሎ ላይ ሲወጡ ካሜራው ከታች ይሁን። ደህና እደሩ።