የአባቴ በገና በላፕቶፕ፦ የትኛውን ማጫወቻ ልጠቀም?

የማርቆሷ (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ በገና ይደረድራል። አስተማሪ በነበረበት ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም ማታ ማታ ሲደረድር በራሱ ቴፕ የቀዳቸው አራት ካሴቶች አሉ። ሁሉም ባለ 60 ደቂቃ ናቸው። ለዓመታት ሣጥን ውስጥ ኖሩ። አምና እንዳይበላሹብኝ ብዬ አንድ ሙዚቃ ቤት ወስጄ ወደ ፍላሽ አስገለበጥኳቸው።

በቴፕ የማውቀው በገና ግን ላፕቶፑ ላይ የለም። በገና የምትወዱ ታውቁታላችሁ፤ አውታሩ እንዚራዋን፣ ያቺን ቁራጭ ቆዳ፣ እየነካ የሚሰጠው ንዝረት ነው በገናን በገና የሚያደርገው። አሁን ንዝረቱ ደብዝዟል። ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚሰማ ይመስላል። ወፍራሙ አውታር ሲመታ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማንም ሳይነካው ከፍ ዝቅ ይላል። ሙዚቃ ቤቱ አንዱን መዝሙር ለሁለት ፋይል ስለከፈለው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ መሐል ላይ ቆም ይላል። ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። የምሰማው በባለ ገመድ ሄድፎን፣ የምጠቀመውም አብሮት በመጣው ማጫወቻ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከፍለሽ ጥሩ ሶፍትዌር ግዢ፣ ድምፁ ሌላ ይሆናል» አለኝ። እውነት ነው? የፋይሎቹን ስም በአማርኛ ስለጻፍኩ ፊደል የማያበላሽ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። የቸኮልኩት አባቴ ጆሮው ደህና ሳለ ላሰማው ብዬ ነው።

ባለቴፑ (ባሕር ዳር)

እታለም፣ እንኳን ካሴቶቹን አልጣልሻቸው። እኔ ካሴት ስገለብጥ ነው ያረጀሁት፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ገንዘብሽን አታውጪ። ማጫወቻ ፋይሉ ውስጥ የሌለ ድምፅ አያመጣም። የጥሩ ማጫወቻ ሥራ ፋይሉን ሳይነካካ ጆሮሽ ድረስ ማድረስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን እዪው። በቀኝ ማውስ ተጫኚና «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ» ውስጥ ግቢ። ቢት ሬቱ፣ ማለትም ፋይሉ ለአንድ ሴኮንድ ድምፅ የሚይዘው መረጃ፣ 128 ኪሎ ቢት ከሆነ አንዱ ችግር ተገኘ። የሲዲ ጥራት በሴኮንድ 1,411 ኪሎ ቢት ነው። ኤምፒ3 በ128 ሲሆን ከዚያ ላይ አንድ አሥራ አንደኛውን ብቻ ነው የሚይዘው። ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ይጥላል። ለንግግር ይበቃል። የበገና ንዝረት ግን ከታች እስከ ላይ የታጨቀ ድምፅ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል።

መሰንጠቁ ሌላ ነው። ሲቀዱት ድምፁን ከልክ በላይ ከፍተውታል ማለት ነው። የድምፁ ጫፍ ተቆርጦ ቀርቷል፤ የትኛውም ማጫወቻ አይመልሰውም። ፍላክ ወደሚባለው ሌላ የፋይል ዓይነት ብትለውጪውም ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የጠፋው አይመለስም።

ካሴቶቹ ካሉ እንደገና ቅጃቸው። የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊው። ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ያላቸው የማይክ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱ ለቴፕ አይሆንም። «ላይን ኢን» (ከቴፕ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀበል ቀዳዳ) ያላት፣ በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ፈልጊ። ኦዳሲቲ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ቅጂ፣ ነጻ ነው። ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተጠንቀቂ። ስታስቀምጪው በፍላክ ይሁን። ፍላክ ከድምፁ ምንም አይጥልም። በሲዲ ጥራት አንድ ሰዓት ሳይታመቅ 635 ሜጋባይት ይሆናል፤ ፍላክ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ አካባቢ ያወርደዋል። አራቱም ካሴት 4 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይገባል።

አሁን ወደ ማጫወቻው። እኔ የምለው ፉባር 2000 ነው። ከ2002 ጀምሮ ያለ፣ ነጻ፣ ላንቺ አሮጌ ላፕቶፕ የማይከብድ። ዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋ ፊደል የሚጻፍበት ኮድ) ስለሚያነብ የግዕዝ ፊደል አያበላሽም። መሐል ላይ የሚቆመውም ነገር በፍላክ ይቀራል፤ ኤምፒ3 ፋይሉ ጫፍና ጫፍ ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል፣ ፍላክ ግን አይጨምርም። ፉባርም ፋይሎቹን ሳያቋርጥ ያያይዛቸዋል።

ዊንዶውስ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅሎ፣ ወደ አንድ ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ) ለውጦ ነው የሚያወጣው። ይህን ለማለፍ ፉባር ውስጥ «አውትፑት» ላይ ከድምፅ ማውጫሽ ስም አጠገብ «ኤክስክሉሲቭ» የሚለውን ምረጪ። መሥራቱን ለማወቅ በገናው እየተጫወተ ዩቲዩብ ክፈቺ። ዩቲዩቡ ድምፅ ካላወጣ ተሳክቶልሻል።

ከፍ ዝቅ የሚለውን ግን በመጀመሪያ የምጠረጥረው «ኤንሃንስመንት» የሚሉትን ነው። ዊንዶውሱ ወይም የላፕቶፑ ድምፅ ፕሮግራም ድምፅ አሳምራለሁ ብሎ የሚጨምረው ነገር ነው። ከሳውንድ ሴቲንግ ገብተሽ አጥፊው። ኢኳላይዘሩንም (ወፍራሙን ወይም ቀጭኑን ድምፅ የሚያበዛና የሚያሳንሰውን) እንዲሁ።

ሌላው ደግሞ፣ ሁለት ማጫወቻ ስታወዳድሪ ድምፃቸውን እኩል አድርጊ። ትንሽ ከፍ ያለው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላል። ባልደረባሽን ያሳሳተውም ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ሰከላ (ፍኖተ ሰላም)

ባለቴፑ ባለው እስማማለሁ፤ ፉባር ግን ለጀማሪ መልኩ ግራ ያጋባል። ሚዩዚክቢ የሚባለው ማጫወቻም ነጻ ነው፤ አልበሙን በሥዕል ደርድሮ ያሳያል፤ ባለቴፑ ያለው ኤክስክሉሲቭም፣ «ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ» በሚል ስም፣ አለው። እኔ ሊኑክስ ላይ ዲድቢፍ የሚባል ማጫወቻ ነው የምጠቀመው። የድምፅ ካርዱን በቀጥታ መርጬለት ምንም ሳይቀላቀልበት ይሄዳል።

ስትቀጂ ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪ። እኔ «እምምም» የሚል ድምፅ እየገባብኝ ሦስት ቀን ቴፑን ስፈታ ከረምኩ፤ ለካ ከቻርጀሩ ነው። የካሴቱ አንድ ገጽ 30 ደቂቃ ስለሆነ አሮጌ ባትሪም ይችለዋል።

የማርቆሷ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ቢት ሬቱ 128 ነበር። ከደጀን አጎቴ ዘንድ ደህና ቴፕ ተውሼ ሦስቱን ካሴቶች እንደገና ቀዳሁ። ኤንሃንስመንቱን ሳጠፋው ከፍ ዝቅ ማለቱ ወዲያው ቆመ። ማጫወቻ መቀየር እንኳ አላስፈለገውም ነበር። ግን ፉባርን ወደድኩት፤ ሁለቱ ፋይሎች ሲያያዙ መጋጠሚያቸው አይታወቅም። ዩቲዩብ ከፍቼም ሞክሬዋለሁ፣ ዝም አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሄድፎኑን ለአባቴ አደረግሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ሰማና «ሦስተኛዋ አውታር ረግባለች። ያን ጊዜ እንዴት አልሰማኋትም?» አለኝ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። በድሮው ፋይል ሦስተኛዋን ከአራተኛዋ የሚለይ ሰው አልነበረም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። አራተኛው ካሴት ሁለቱም ገጽ እንደታፈነ ነው። ሄዱን ጠርጌዋለሁ። ሌሎቹ በዚሁ ቴፕ ጥርት ብለው ነው የሚሰሙት።

ባለቴፑ (ባሕር ዳር)

ያ ካሴት በሌላ ቴፕ ተቀድቶ ይሆናል፤ አባትሽን ጠይቂ። የሁለቱ ሄድ አቀማመጥ ትንሽ ከተለያየ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። ከሄዱ ጎን ትንሽ ብሎን አለች። መጀመሪያ የነበረችበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ፣ አጎትሽ ቴፑን እንደነበረ ይፈልገዋል። ካሴቱ እየተጫወተ በትንሽ ካቻቪቴ ቀስ አድርገሽ አዙሪያት፤ ከሩብ ዙር አትለፊ። ንዝረቱ ጥርት ሲልልሽ አቁሚና ቅጂ። ስትጨርሺ ወደ ምልክቱ መልሻት። አባትሽን ሰላም በይልኝ።