አባቴ ማሳ ሥር ያለው አሸዋ የማን ነው?

የመቂዋ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ሕግ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። አባቴ መቂ ወንዝ ዳር ግማሽ ሄክታር መሬት አለው። በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማህበር ከእኛ ወደ ታች አሸዋ ማውጣት ጀመረ። በአካፋ ስለነበር ምንም አላልንም። አሁን እስካቫተር ገብቷል፣ ወደ እኛም እየተጠጉ ነው። ወንዙ ከመጥለቁ የተነሳ የሞተሩ ቱቦ ውሃው ጋ አይደርስም፤ ሁለቴ ቀጠልንበት። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዳሩ ይናዳል። አምና ሦስት መደብ ሽንኩርት ይዞ ሄደ። ሄጄ ስጠይቃቸው «ፈቃድ አለን፣ አሸዋ የመንግሥት ነው» አሉኝ። አባቴ እኮ የይዞታ ደብተር አለው!

የድሮ ባለሙያ፦
እህቴ፣ መጥፎውን ላስቀድም። አሸዋው የአባትሽ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ደብተሩ አርሶ ለመጠቀም ነው እንጂ ከሥር ያለውን ለመሸጥ አይደለም። ግን አሸዋው የመንግሥት ነው ማለት ማሳው የማህበሩ ነው ማለት አይደለም። በማዕድን አዋጁ፣ በ678/2002 ማለቴ ነው፣ አሸዋ የኮንስትራክሽን ማዕድን ነው። ያለ ፈቃድ አይወጣም። ለአገር ውስጥ ሰው ፈቃዱን የሚሰጠው ክልሉ ነው። ፈቃዱ ደግሞ ዓይነትም ወሰንም አለው። ባህላዊ የሚባለው በእጅ የሚሠራ ነው፤ በእሱ እስካቫተር ካስገቡ አቤቱታሽ እሱ ራሱ ነው። መሬቱ ከተፈለገም ለባለይዞታው ካሳ ይከፈላል። መጀመሪያ ፈቃዱን እይው።

ሲኖ ነጂ፦
እኔ የምጭነው ነኝ፣ እንዳትሰድቡኝ። ኬላ ላይ ኮቴ እንከፍላለን፣ ደረሰኝ እንይዛለን። አሸዋው ከየትኛው ጎድጓድ እንደወጣ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሌሊት የሚጭኑ ከሆነ እሱን መዝግቢ። ፎቶ አንሺ፣ ቀኑን ጻፊ። ከሹፌር ጋር አትጣዪ፣ ምንም አይጠቅምሽም።

ተደራጅ ነበርኩ፦
እንዲህ ዓይነት ማህበር ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ሌላ አካባቢ ነው። 12 ሆነን ሥራ አጥ ተብለን ተደራጀን። ማሽኑ የእኛ አልነበረም። ባለገንዘብ በስማችን ገባ፣ እኛ በጫነው መኪና ልክ ትንሽ ትንሽ እንቀበል ነበር። ልጆቹን ስትከሺ ባለማሽኑን እንዳትረሺ።

የመቂዋ ልጅ፦
ተባረኩ። ፈቃዱን በስንት ልመና አሳዩኝ። ባህላዊ ይላል። ወሰኑ ከድልድዩ በታች ነው፣ የእኛ ማሳ ደግሞ ከድልድዩ በላይ። እስካሁን «ወንዝ ነው፣ ምን ይደረጋል» ሲል የነበረው አባቴ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ተነሳ። ደብተሩን ከሳጥን አውጥቶ በፌስታል ጠቅልሎታል። ሰኞ አቤት ለማለት አብረን እንሄዳለን። አቤቱታው ላይ የቱቦውን ወጪም ላስገባው ወይስ ይለፈኝ?